ስልክዎን ያጥፉት ያለኝ ሰው

ለምወድሽ እህቴ ለህይወት፤

እንደምን ከርመሻል? እንደምን ሰንብተሻል? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱስ ጋብ አለልሽ? አሠሪዎችሽ እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይስ አሁንም ሌሊቱን በብረት ምጣድና በልብስ ተኩስ ያጋምሱብሻል? ጾሙ ገባ፤ ህይወት በሰው ቤት፣ በሰው አገር እንዴት ትጾመው ይሆን እያልን ሰኞ ዕለት አንቺን ስናነሳ ዋልን። እኛ የመድኃኔ ዓለም ቸርነቱ አልተለየንም፣ አለን። እምዬ ደኅና ናት። ልጄ ዮርዳኖስ ደኅና ናት፣ ቁመቷ እኔን አልፎ ቀሚሴን እየለበሰች አስቸግራኛለች። ወንድማችን አገኘሁም ጤፉን በደኅና አስገብቷል፣ አንዱ በሬው ብቻ እግሩን እያመመው ነው። እኔም አለሁ። «ደኅና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ከዚህ በኋላ ላንቺ ውሸት መጻፍ ሰልችቶኛል።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሰዒዳ ናት፣ ጨርቅ የምገዛቸው የጋሽ ጀላል ልጅ። ለእረፍት መጥታ ነበር፣ እንግዲህ ወደ ሪያድ ልትመለስ ነው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ልነግርሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አይንዬ፣ እምዬ እንዴት ናት?» ስትዪኝ ወኔዬ ከዳኝና ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም፣ አያቋርጠኝም። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለእምዬ ዓይን ብለሽ የላክሽው፣ በስልኬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ የለም። ኅዳር ላይ ተሰርቋል። በሩን ሰብሮ የገባ ሌባ የለም፤ በገዛ አፌ ያስረከብኩት እኔው ነኝ።

ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ ገና መመለሱ ነበር። አንቺም ሞተዋል ወይ ብለሽ ስታለቅሺ እንደከረምሽ ነግረሽኛል። እኛም ስልኩ መሥራት ሲጀምር እንደ ድግስ ነበር የሆነልን፣ ግን ይሠራል ይቋረጣል፣ ይሠራል ይቋረጣል። በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ የሱሪ ዚፕ ስቀይር ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አይናለም ነዎት?» አለኝ አንድ ጨዋ ድምፅ። ስሜን ማወቁ ብቻ ግማሹን ሥራ ሠራለት። በስልክ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ሲያስገቡ ስም እንደሚወጣ የሰማሁት ኋላ ነው።

«ከስልክ ድርጅቱ የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ነው የምደውለው» አለኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ የብዙ ሰው መስመር ተደበላልቋል፣ የእርስዎም ከተበላሹት አንዱ ነው፣ ድምፅ እየተቆራረጠ አላስቸገረዎትም? አለኝ። አስቸግሮኛል አልኩት። ማንን አላስቸገረ! እኔ ግን ሕመሜን ሳልነግረው ያወቀልኝ ሐኪም መሰለኝ። ቀጠለና፣ ከውጭ አገር የሚደውልልዎ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «እህቴ ሪያድ ናት» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አዎ፣ እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ይታየኛል፣ ከሪያድ የመጣ ነገር አለ፣ ብልሽቱም ያለው እሱ ላይ ነው።» እኔው የሰጠሁትን እህል ፈጭቶ መልሶ ሸጠልኝ። ያን ጊዜ ግን ሁሉን የሚያይ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልተስተካከለ መስመሩ ይዘጋል፣ በውስጡ ያለው ገንዘብም ይታገዳል አለኝ። ወደ ቢሮ ልምጣ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሰልፉ ብዙ ነው፣ አይደርሱም፣ እኔ ከዚሁ ሆኜ አስተካክልልዎታለሁ፣ ብቻ ስልኩን እንዳይዘጉት አለኝ። ከዚያ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይናገሩ። ለእኔም እንዳይነግሩኝ፣ መስማትም አልፈልግም» አለኝ። ህይወት፣ የበላኝ ይህ ነው። ሌባ እንዲህ ይላል ብሎ ማን ያስባል? «አሁን በመልእክት ቁጥር ይመጣልዎታል፣ እሱ የጥገና ቁጥር ነው፣ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ» አለኝ። መጣ። መልእክቱ ውስጥ ለማንም አይስጡ የሚል ተጽፎበት ነበር፣ ኋላ ሳየው። ያን ጊዜ ግን ደንበኛው «ቶሎ በይ እንጂ» ይለኛል፣ ሰውዬው «ሰዓቱ እያለቀ ነው» ይለኛል፣ መርፌው ጣቴ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት። እንደ ሰነፍ ተማሪ አስደገመኝም። «በጣም ጥሩ፣ እናመሰግናለን። ጥገናው እንዲሠራ ስልክዎን ለግማሽ ሰዓት ያጥፉት» አለኝ። አጠፋሁት። መርቄው ነው ያጠፋሁት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብዬ።

ግማሽ ሰዓት አይደለም፣ እንዳይበላሽ ብዬ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ስከፍተው መልእክቱ ተደርድሮ ገባ። ያ የመጣው ቁጥር የጥገና አልነበረም፤ የሚስጥር ቁጥሬን መቀየሪያ ነበር። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ስሰፋ እሱ ከፍቶ ጠርጎታል። የቀረ ነገር አልነበረም።

ሱቁን ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት። ቢሮ ያለችው ልጅ ቅን ናት፣ ፊቷ ሐዘን ሆነ። «እናቴ፣ እኛ ደውለን በመልእክት የሚመጣልዎትን ቁጥር አንጠይቅም። ስልክ ተበላሽቷል ብሎ የሚደውል ሰው ሲያገኙ ዘግተው በእግርዎ እዚህ ይምጡ» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያም ቃሌን ሰጠሁ። ደጋግሜ ተመላለስኩ። የተደወለበት ቁጥር የተመዘገበው ነገሩን ጨርሰው በማያውቁ፣ ርቀው በሚኖሩ በአንድ ሽማግሌ ስም ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ጉም ተበተነ። እግሬም ደከመ።

ለእምዬ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ሞራው ሁለቱንም ዓይኗን ሸፍኖት ግድግዳ እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። ፊቴን እንደማታየው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ድምፄን ብቻ አስተካክዬ እገባ ነበር። እያለቀስኩ «ራቱን ላቅርብ?» እላታለሁ። ላንቺም ዋሸሁሽ። ቀጠሮው ተራዘመ አልኩሽ። መንገዱ ተዘጋ አልኩሽ። በእውነት የተዘጋበት ቀን ነበረ፤ ያልተዘጋበትን ቀን ግን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ መውጫ ሲጠፋኝ «ሐኪሙ ሌላም ገንዘብ ያስፈልጋል አለ» አልኩሽ። አንቺም «እንግዲያው ሁለት ዓመት እጨምርና እፈርማለሁ» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ሌባው የወሰደው የለፋሽበትን ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ያልኖርሽውን ሁለት ዓመት ልወስድብሽ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከቅዳሴ ስንወጣ ደብረ ታቦር ላይ የዓይን ሞራ በነፃ የሚያነሱ ሐኪሞች መጥተዋል የሚል ማስታወቂያ ተነገረ። ስፌቱን ጥዬ እምዬን ይዤ ሄድኩ። አገኘሁ ከእኛ ጋር እስከ መኪናው መጥቶ በጀርባው አዝሎ አሳፈራት። ሰው ከጋይንት ከስማዳ ሳይቀር ጎርፎ፣ ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ በትር የያዘው፣ በልጅ ልጁ የሚመራው፣ ግቢው ሞልቶ አገኘነው። ሁለት ቀን ተራ ጠበቅን። እምዬ ነጠላዋን ተከናንባ ውዳሴ ማርያሟን ስትደግም፣ ወረፋ ያለፋቸው ሲጣሉ «ተዉ ልጆቼ፣ ዓይን ሳይኖረን ታግሠን ሊበራልን ስንል አንጣላ» ስትል ሰውን አሳቀች። በሦስተኛው ቀን ቀኝ ዓይኗን ሠሩላት። ግራውን በሚቀጥለው ዙር እንሠራዋለን ብለው ወረቀት ሰጡን፣ እሱም ያለ ክፍያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ነርሷ «ስንት ጣት ነው?» አለቻት፣ «ሦስት» አለች። እልልታ ሆነ። እኔም እልል እያልኩ ቀረብኩ። እምዬ አየችኝ። ከዚያ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ «አይናለም ነሽ? ምን ሆነሻል ልጄ? ማን ነው እንዲህ የጨረሰሽ?» አለችኝ።

እልልታው አፌ ውስጥ ቀረ። ግቢው ጥግ ካለ ዛፍ ሥር ወስጄ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ያን ጊዜ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። አላቀፈችኝም። «የልጄን ላብ እንዲህ ነው የጠበቅሽው?» አለችና ፊቷን አዞረች። «ገንዘቡ ይጥፋ። እሷን ስትዋሺያት፣ በዚያ በረሃ ሁለት ዓመት ልትጨምርባት ስትል ዝም አልሽ?» ከደብረ ታቦር እስከ መካነ ኢየሱስ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ቤት ገብተንም አላናገረችኝም። ጠብታውን ዓይኗ ላይ ስጨምርላት ጣራ ጣራ ታያለች። ዮርዳኖስን «እናትሽን ውኃ ስጪኝ በያት» ትላታለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ድምፅ። «ማጭበርበርን የሚከታተል የቴክኒክ ክፍል ነን፣ ኅዳር ላይ ገንዘብ ጠፍቶብዎት ነበር፣ ሌባው ተይዟል፣ ገንዘብዎን ልንመልስልዎ ነው» አለኝ። ህይወት፣ አትፍረጂብኝ። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው እሳት ያውቃል ይባላል፣ እኔ ግን ተስፋው አሳወረኝ። የኅዳሩን ነገር ከሌባውና ካመለከትኩላቸው በቀር ማን ያውቃል? ስለዚህ እውነተኛ ናቸው አልኩ። ከሁለቱ አንዱ ሌባው ራሱ መሆኑን አላሰብኩም። ወረቀት አወጣሁ። «አሁን ቁጥር ይመጣልዎታል፣ ያንብቡልኝ» አለኝ።

እምዬ ደጃፉ ላይ ብርሃኑን በነጠላዋ ከልላ ተቀምጣ ትሰማለች። ድምፁ እስከ እሷ ይሰማል። «አይናለም» አለችኝ። በሦስት ቀን የመጀመሪያዋ ናት። «ነገ ቢሯችሁ እመጣለሁ በይው።» አልኩት። ሰውዬው ወዲያው ተቆጣ። ነገ ከሆነ ገንዘቡ ለመንግሥት ይገባል፣ ዕድልዎን እያበላሹ ነው፣ ስልኩን እንዳይዘጉት አለኝ። እምዬ ራሷን ነቀነቀች። «ይቸኩላል። ደግ ነገር ይዞ የመጣ እንግዳ ባለቤቱን ደጅ ላይ አያጣድፍም። ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሷም ተነስታ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች። «በቃ፣ በቃ» አለችኝ። ይቅርታዋ ይኸው ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ጀላል እየተቻኮሉ ስፌት ቤቴ ገቡ። ስልካቸው ክፍት ነው፣ ጆሯቸው ላይ አለ። «አይናለም ልጄ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፣ ይህን የመጣውን ቁጥር ለዚህ ሰው አንብቢለት፣ የሱቁ ስልክ ሊዘጋ ነው፣ የቴክኒክ ሰው ነው» አሉኝ። ስልኩን ተቀበልኳቸው። «እሺ እህቴ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» አለኝ ከወዲያ። ያው ነው። ያ የኅዳሩ ጨዋ ድምፅ። ስንት ቀን ባገኘው እንዲህ እለው ነበር እያልኩ ስድብ ስመርጥ ከርሜያለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም። «እኔ አይናለም ነኝ። ያ የወሰድከው የእናቴ ዓይን ነበረ» አልኩት። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ተዘጋ።

ጋሽ ጀላል በጣም ተቆጡ። «ሥራዬን አበላሸሽብኝ፣ ምን ነካሽ?» ብለው ጮኹ፣ ሰው ተሰበሰበ። ለማሳመን የራሴን ነገር መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። እስከዚያ ቀን ከቤቴ፣ ከቢሮዋ ልጅና ከፖሊስ በቀር በከተማው ማንም አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ እኮ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ብዬ አንቺ ዘንድ መጣሁ፣ አንቺ ስለ እኔ ተዋረድሽ» አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ሰዒዳ በእጇ እንድትሰጥሽ ያዘዟትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ የሚያሰፋው ሁሉ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል፣ ይህ እውነት ነው ወይ ይለኛል። የሰፈሩ አዋቂ ሆኛለሁ። አዋቂነቱ ግን ደክሞኛል፤ በየቀኑ ያንኑ ቁስል ከፍቶ ማሳየት ነው።

አንቺም ተጠንቀቂ። በዐረብኛም በአማርኛም ይደውላሉ አሉ። ስልክሽ ተበላሽቷል፣ ባንክሽ ተዘግቷል፣ መኖሪያ ፈቃድሽ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቷል ብሎ የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ፣ ይልቁንም ስልኩን አትዝጊ፣ ለማንም አትንገሪ ካለሽ፣ በላዩ ላይ ዝጊበት። አያስቀይምም። እውነተኛ ከሆነ ነገም እዚያው ነው። በመልእክት የመጣልሽን ቁጥር ለእኔም ቢሆን አታንብቢ። በእኔ ስም፣ እምዬ ታመመች ብሎ የሚጽፍልሽም ሊኖር ይችላል። እንዲያ ሲሆን እምዬ በልጅነታችን ላሟን ስናጠፋባት የሰደበችን ስድብ ምን ነበር ብለሽ ጠይቂው። እዚህ ላይ አልጽፈውም፣ ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው፦ አትፈርሚ። ውልሽ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያልቃል ብለሽኛል፣ ሰዒዳ ከዚያ በፊት ትደርሳለች። እምዬ በአንድ ዓይኗ ታያለች፣ ሁለተኛውም በነፃ ነው፣ የጎደለ ነገር የለም። የለፋሽበትን ስለማጥፋቴ ስትመጪ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ብትቆጪኝ እችለዋለሁ። እምዬ ሦስት ቀን ተቆጥታኝ አልሞትኩም።

አምና የላክሽውን ፎቶ ትናንት ከሣጥን አውጥቼ ሰጠኋት። መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ቀኝ ዓይኗን አስጠግታ ብዙ አየችው። «ማን ናት ይህች?» አለችኝ። ህይወት ናት አልኳት። «ህይወት ልጅ ናት። ይህች እኮ ትልቅ ሴት ናት» አለችኝ። አምስት ዓመት የምትልኪውን ፎቶ በእጇ ስትዳስስ ቆይታ እንጂ አይታው አታውቅም። ከዚያ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጻፊ አለችኝ፣ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ «እኔ ቦጋለች ነኝ። ከእንግዲህ ብር አትላኪልኝ። ዓይኔን አግኝቻለሁ፣ የማየው ነገር ግን እዚያ ነው ያለው። ነይ።»

እምዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ዮርዳኖስ አክስቴ ስትመጣ ጸጉሯን የምሠራው እኔ ነኝ ብላለች። አገኘሁና ባለቤቱ፣ ልጆቹም በየስማቸው እንደምን ነሽ ይሉሻል። ጋሽ ጀላልና የቤታቸው ሰው ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ሰዒዳን ምሳ አብይልኝ፣ መንገድ አድክሟታል። አምላክ በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ አይናለም
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.